«ሲስተም የለም» ሲሉን ምኑ ነው የሌለው?

ባንክ ሄዳችሁ አርባ ደቂቃ ተሰልፋችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ገንዘብ ከፋይዋ ከስክሪኑ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ያለቻችሁ ቀን አለ አይደል? አንዳንዴ የሌለው ኔትወርክ ነው። አንዳንዴ መብራት ነው። ሌላ ጊዜ ግን ኔትወርኩም አለ፣ መብራቱም አለ፣ ሰርቨሩም (ሁሉንም የሚያስተናግደው ዋናው ኮምፒዩተር) ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጮኻል፤ የጠፋው ሌላ ነገር ነው። እኔ ከመስኮቱ ኋላ፣ ከኋላውም ኋላ፣ ሰርቨር ሲጠብቁ የሚያድሩ ሰዎች መሀል ጥቂት ዓመታት ስለሰራሁ ዛሬ እሱን ላውራችሁ። የድርጅቱን ስም ግን አትጠይቁኝ።

ከስሩ እንጀምር። ለእህታችሁ 500 ብር ስትልኩ ኮምፒዩተሩ ሁለት ስራ ይሰራል፤ ከእናንተ ይቀንሳል፣ ለእሷ ይጨምራል። ወይ ሁለቱም ይሳካሉ፣ ወይ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ቀንሶ ሳይጨምር ከቀረ ብሩ የማንም አይደለም። ጨምሮ ሳይቀንስ ከቀረ ባንኩ ተበልቷል። ትራንዛክሽን የሚባለው ይሄ «ሁሉም ወይም ምንም» የሚል ውል ነው። ለአንድ ሰው ሲሆን ቀላል ነው። በአንድ ሴኮንድ ሺህ ሰው ሲመጣ፣ ሂሳቦቹ በተለያየ ዳታቤዝ ላይ ተቀምጠው ሲገኙ፣ መሀል ላይ ደግሞ አንዱ ማሽን ቀጥ ሲል ነው ጉዱ።

ለዚህ ስራ ብለው የተሰሩ ሶፍትዌሮች አሉ። የአይቢኤም ሲአይሲኤስ ከ1969 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ሌላ ስል እነግራችኋለሁ)። እኔ እጄን ያሻሸሁበት ግን ታክሲዶ ነው። ስሙ የሙሽራ ልብስ ይመስላል፣ ግን የአንድ ረጅም እንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤቲ ኤንድ ቲ ቤል ላብስ በ1983 ተጀመረ። ከዚያ ኖቬል የሚባል ኩባንያ ወሰደው፣ በ1996 ቢኢኤ ወደሚባል ሌላ ኩባንያ ዞረ፣ በ2008 ደግሞ ኦራክል ቢኢኤን ራሱን ጠቅልሎ ገዛው። አርባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው። እሱን ለምሳሌ የመረጥኩት አዳዲሶቹ የሚደብቁትን ነገር እሱ ገልጦ ስለሚያሳይ ነው፤ ማጀቱ ከሳሎን ይታያል።

ማጀቱ ውስጥ ሶስት ስራ አለ። ሚሞሪ፣ ደህንነትና የስህተት መዝገብ። ሶስቱን ለሶስት ሰው አከፋፍሎ መርሳት የተለመደ ነው። መዝገቡ ደግሞ ሁሌም መጨረሻ ላይ፣ «ጊዜ ከተረፈ» ተብሎ ይሰራል። ጊዜ ተርፎ አያውቅም።

ሚሞሪን እንይ፤ ኮምፒዩተሩ ስራ ላይ እያለ የሚጠቀምበትን ቦታ። ታክሲዶ ውስጥ መልእክት የሚሄደው ቡፈር በሚባል ዕቃ ተሞልቶ ነው። ፕሮግራመሩ «ቲፒአሎክ» የሚል ትእዛዝ ጽፎ ከሚሞሪ ላይ ቁራጭ ቦታ ይዋሳል። የሂሳብ ቁጥሩንና የብሩን መጠን እዚያ ውስጥ ይከታል፣ ይልካል፣ ሲጨርስ «ቲፒፍሪ» ብሎ ይመልሳል። የእድር ዕቃ በሉት። ሀዘን የደረሰበት ቤት ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ሳህኑን ይወስዳል፣ ሲያበቃ ቆጥሮ ያስረክባል። አንድ ቤት ሁለት ሳህን ቢያስቀር ማንም ልብ አይለውም። ሁሉም ሁለት ሁለት ሲያስቀር ግን አንድ ቀን ለቀስተኛው ግቢ ሞልቶ ሳህን የለም። ሚሞሪ ሊክ የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ስልካችሁ ላይ ያለ አፕ ቢያንጠባጥብ ትዘጉታላችሁ፣ አለቀ። የባንክ ሰርቨር ግን አንዴ ከተነሳ ለሳምንታት አይተኛም። አስሉት እስኪ፦ በአንድ ጥያቄ 4 ኪሎባይት ብቻ ቢያስቀር፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በቀን 50 ሺህ ቢመጣ፣ በቀን 200 ሜጋባይት ነው። በሳምንት 1.4 ጊጋባይት። የድሮ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ደግሞ እንደ ማሽኑ ከ2 እስከ 4 ጊጋባይት ቢችል ነው። እዚያ ሲደርስ ይወድቃል። አዲስ ማሽን ላይ ከሆነ ደግሞ ሊኑክስ የሚባለው የማሽኑ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሚሞሪ ሲጨርስ ብዙ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ብዙ የያዘው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ። ሳህን ያስቀረው ሌላ፣ የሚቀበረው ሌላ።

እኛ ጋ ሐሙስ ሐሙስ ሌሊት ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ የሚባል ነገር ነበር። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ስቀጠር የነገሩኝ «ሐሙስ ማታ ካልተነሳ ቅዳሜ ይወድቃል» ብለው ነው፤ እንደ ጾም ቀን ተቀበልኩት። ወሩ ሊያልቅ ሲል ግን ሐሙስን አይጠብቅም። ሰኞ ተነስቶ ማክሰኞ ከሰዓት ይወድቃል። ለምን ወር መጨረሻ? ደሞዝ ስለሚገባ ስራ በዝቶበት ነው ብለን ተውነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። ቡፈር ልካችሁ መልስ ስትጠብቁ፣ መልሱ ከላካችሁት የሚበልጥ ከሆነ ታክሲዶ ቡፈሩን አስፍቶ ሌላ ቦታ ሊያዛውረው ይችላል። ፕሮግራመሩ የድሮውን አድራሻ ይዞ ከቀረ ባዶ ቤት ያንኳኳል፣ ይባስ ብሎ ሌላ ሰው የገባበትን ቤት። የሰው ሂሳብ በሰው ስክሪን ላይ ብቅ የሚለው እንዲህ ባለ ስህተት ሊሆን ይችላል። ጃቫና መሰሎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተዋሰውን ዕቃ ራሳቸው ስለሚሰበስቡ ይሄ ሁሉ የቀረ የሚመስላቸው አሉ። አልቀረም። የማያልቅ ዝርዝር ውስጥ እየጨመራችሁ ካልሰረዛችሁ ጃቫም ያንጠባጥባል።

ወደ ደህንነት ስንመጣ ታክሲዶ አምስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ምንም የለም፤ በሩ ክፍት ነው። ሁለተኛው ለሁሉም አንድ የጋራ ፓስወርድ ነው። ሶስተኛው እያንዳንዱ ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ያረጋግጣል። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ልዩነታቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ስለ አንድ አገልግሎት ማን ይግባ ማን አይግባ የሚል ህግ ሳይጻፍ ቢቀርስ? አራተኛው «ካልተከለከለ ይግባ» ይላል። አምስተኛው «ካልተፈቀደ አይገባም» ይላል።

ቀላል ይመስላል። አሁን አንድ ፕሮግራመር አርብ ማታ ተቻኩሎ «ሂሳብ ማስተካከያ» የሚል አዲስ አገልግሎት ጨምሮ ህጉን መጻፍ ረሳ እንበል። በአምስተኛው ደረጃ ሰኞ ጠዋት ማንም ስለማይገባ ሰራተኛው ይጮሃል፣ በአስር ደቂቃ ይስተካከላል። በአራተኛው ደረጃ ግን ማንም አይጮህም። የገባ ሁሉ የማንንም ሂሳብ ማስተካከል ይችላል፣ ያውም ዓመት ሙሉ። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ የሚጮኸውን እወስዳለሁ።

ሰው ደህንነት ሲባል በር ብቻ ነው የሚታየው። ግን ቅድም ያወራነው ሚሞሪ ራሱ በር ነው። ሚያዝያ 2014 የታወቀው ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ኦፕንኤስኤስኤል በሚባል፣ ግማሹ ኢንተርኔት በሚጠቀምበት የምስጢር መጠበቂያ ውስጥ ነበር። ነገርየው እንዲህ ነው፦ «አለህ ወይ? ካለህ ይቺን ቃል መልስልኝ፣ ርዝመቷ ይሄን ያህል ነው» የሚል ሰላምታ ነበረው። አንድ ተንኮለኛ አጭር ቃል ልኮ «ርዝመቷ 64 ሺህ ፊደል ነው» ቢል ሰርቨሩ ሳይቆጥር አምኖ፣ ከቃሏ ቀጥሎ ሚሞሪው ላይ የነበረውን ሁሉ፣ ፓስወርድም ይሁን የምስጢር ቁልፍ፣ እስከ 64 ኪሎባይት ዝርግፍ አድርጎ ይሰጣል። ማንም በር አልሰበረም። ጠይቆ ነው የወሰደው።

ከዚህ የቀረበ፣ ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ፕሮግራሙ ሲወድቅ ትቶት የሚሄደው ሬሳ ነው። ኮር ደምፕ ይሉታል፤ በወደቀባት ቅጽበት ሚሞሪው ላይ የነበረው ነገር በሙሉ ወደ ፋይል ይገለበጣል። ለምርመራ ግሩም ነው። ግን ውስጡ የደንበኛ ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ ካልተጠነቀቁም ፒን አለ። አንዴ አንድ ልጅ ይሄን ፋይል ዚፕ አድርጎ ለውጭ ድጋፍ ሰጪዎች በኢሜይል ሊልክ ሲል ደርሰንበታል። ልጁ ክፋት የለውም፣ ስህተቱን ሊያስተካክል ነበር። ሚሞሪን የሚጠብቀውና ደህንነትን የሚጠብቀው ሰው ተገናኝተው ስለማያውቁ ነው።

አሁን እኔ የምወደው ጋ ደረስን፣ መዝገቡ ጋ። ሎግ።

ታክሲዶ ሁለት መዝገብ አለው። «ቲሎግ» ለማሽኑ ነው። አንድ ትራንዛክሽን ብዙ ዳታቤዝ ሲነካ መጀመሪያ ሁሉም «ዝግጁ ነኝ» ይላሉ፤ ሁሉም ካሉ በኋላ ውሳኔው ቲሎግ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ነው «ፈጽሙ» የሚባለው። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ይሄን አይቶ የተጀመረውን ይጨርሳል። እቁብ ላይ ዳኛው የወጣውን ስም ሳያስጽፍ ገንዘብ እንደማያስረክበው ማለት ነው። ሁለተኛው «ዩሎግ» ለሰው ነው። በየቀኑ አዲስ ፋይል ይከፈታል፣ ስሙ ላይ ወር፣ ቀንና ዓመት አለ። እያንዳንዱ መስመር ሰዓቱን፣ ማሽኑን፣ የፕሮግራሙን ስምና መለያ ቁጥር ይይዛል።

ታክሲዶ የራሱን መልእክት እንዲህ በስርዓት ይጽፋል። የእኛ ፕሮግራመሮች የሚጽፉት ነው ችግሩ። ከእኛ ቤት ሎግ ላይ ደጋግሜ ያየሁት መስመር ይሄ ነው፦

«ስህተት ተፈጥሯል።»

በቃ። የማን፣ የት፣ ምን ላይ እያለ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከእንቅልፍ ተጎትቶ ለተነሳ ሰው ይሄ ስድብ ነው። መሆን የነበረበት ደግሞ እንዲህ፦

«9፡14፡32፣ ቀናሽ ሰርቨር 3፣ ግብይት ቁጥር 881207፣ ከላኪው ከተቀነሰ በኋላ ለተቀባዩ ከመጨመሩ በፊት፣ ዳታቤዙ በ30 ሴኮንድ አልመለሰም፣ ውጤት፦ አልታወቀም።»

«አልታወቀም» የምትለዋን ልብ በሉ። ከሎግ መስመር ሁሉ ትልቋ ቃል እሷ ናት። ሰው የሚያስበው ግብይት ወይ ይሳካል ወይ ይወድቃል ብሎ ነው። ታክሲዶ ግን ለውድቀት ብዙ ስም አለው። አንዱ አገልግሎቱ አውቆ እምቢ ሲል ነው፤ ለምሳሌ ቀሪ ሂሳብ ሲያንስ። ይሄ ስህተት አይደለም፣ ስራው ነው። ሌላው አገልግሎቱ ራሱ ሲበላሽ ነው። ሶስተኛው ጊዜ ሲያልቅ ነው። ጊዜ አለቀ ማለት አልተሰራም ማለት አይደለም። ጠያቂው መጠበቅ ሰለቸው ማለት ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ስራውን ጨርሶት ሊሆን ይችላል። ኤቲኤም ብር ሳይሰጣችሁ ከሂሳባችሁ የቀነሰባችሁ ቀን ብዙውን ጊዜ እዚህች ድንግዝግዝ ውስጥ ገብታችሁ ነው። ፕሮግራመሩ ሶስቱንም «አልተሳካም» ብሎ ከጻፋቸው፣ ደንበኛውም «አልተሳካም» የሚለውን አይቶ ደግሞ ይሞክራል። ሁለቴ ተቆረጠ ማለት ነው።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ጥቅምት 2015 ስኮትላንድ ውስጥ ዳልሜሊንግተን በምትባል ከተማ ያለች የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ ኃላፊ 8,000 ፓውንድ ወደ ሌላ አገልግሎት መስጫ ልታስተላልፍ ነበር። ስክሪኑ ደረቀባት። ሁላችንም እንደምናደርገው ቁልፉን ደጋገመችው። ሲስተሙ አራት ጊዜ መዘገበው፤ ሶስቱ ትርፍ ስለሆኑ 24,000 ፓውንድ ጎደለባት። ሲስተሙ ሆራይዘን ይባላል፣ የሰራው ፉጂትሱ ነው፣ ከ1999 ጀምሮ በእንግሊዝ ፖስታ ቤቶች ሁሉ የተተከለ። እስከ 2015 ባለው ጊዜ በዚሁ ሲስተም ቁጥር መነሻነት ከ900 በላይ ሰዎች ሌባና አጭበርባሪ ተብለው ተፈርዶባቸዋል። እስር የወረደ አለ፣ ቤቱን የሸጠ አለ። ፉጂትሱ ውስጥ ግን «የታወቁ ስህተቶች» የሚል መዝገብ ነበረ፣ የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ የማያዩት። የኩባንያው ሰዎች ከሩቅ ገብተው የቅርንጫፍ ሂሳብ ላይ ግብይት ማስገባት ይችሉ እንደነበርም ታወቀ። ፖስታ ቤቱ ለዓመታት ይሄ አይቻልም ሲል ነበር። በታህሳስ 2019 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉድለቱን ሲስተሙ ራሱ ሊያመጣው ይችል እንደነበር ወሰነ። በግንቦት 2024 ደግሞ ፓርላማው በህግ ፍርዶቹን በጅምላ ሰረዘ።

መዝገብ ማለት ምስክር ነው የምለው ለዚህ ነው። ምስክር ደግሞ በአንድ ወገን ኪስ ውስጥ ከሆነ ምስክር አይደለም።

የእኛውን አገርም አስታውሱት። መጋቢት 7 ቀን 2016 በእኛ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ ሌሊቱን ሰው ከሂሳቡ በላይ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ ያደረ ጊዜ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ግብይት ነው የተካሄደው። ግን በኋላ ያልመለሱትን ሰዎች በስም ዘርዝሮ አወጣ። ያን ማድረግ የሚቻለው እያንዳንዷ ግብይት ማን ስንት ወሰደ ከሚለው ጋር ተጽፋ ስትቀመጥ ነው። በሩ ተከፍቶ አደረ፣ ጸሐፊው ግን አልተኛም ነበር።

ጸሐፊው ሁሉን ይጻፍ ማለቴም አይደለም። ግንቦት 2018 ትዊተር 330 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎቹን ፓስወርድ ቀይሩ አለ፤ ፓስወርዱ ከመመስጠሩ በፊት እንዳለ የውስጥ ሎግ ላይ ሲጻፍ ስለነበር ነው። ዳታቤዙን በሰባት ቁልፍ ቆልፋችሁ ሎጉን ደጅ ማስቀመጥ ማለት ነው። ታህሳስ 2021 ላይ የመጣው ሎግፎርሼል ደግሞ ይብሳል። ሎግፎርጄ የሚባል፣ የጃቫ ፕሮግራሞች ሎግ የሚጽፉበት መሳሪያ፣ የሚጽፈው ጽሑፍ ውስጥ አንድ የተለየ ምልክት ካየ መጻፉን ትቶ ትእዛዝ መስሎት ወደ ተባለው አድራሻ ይሄዳል። አጥቂው ያንን ጽሑፍ የተጠቃሚ ስም ቦታ ላይ ይጽፋል፣ ሰርቨሩ «በዚህ ስም ሊገባ የሞከረ አለ» ብሎ ይመዘግባል፣ በመመዝገቡ ብቻ ተያዘ። የአደጋው መጠን ከ10 10 ነው የተሰጠው። ጸሐፊው የተነገረውን ሲጽፍ በተነገረው ተጠለፈ። ስለዚህ ፒን አይጻፍ፣ ፓስወርድ አይጻፍ፣ የካርድ ቁጥር ከተጻፈም የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ ከደንበኛ የመጣ ጽሑፍ ሁሉ ደግሞ እንደ እንግዳ እሽግ ይፈተሽ። ሎጉ ዲስኩን እንዳይሞላም አንድ ሰው ይይ። ዲስክ ሞልቶ ቲሎግ መጻፍ ሲያቅተው ያን ቀን በእውነትም ሲስተም የለም።

አሁን ወደ ሐሙሷ ልመልሳችሁ። ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር ሚሞሪውን ስንመረምር ነው የከረምነው። አንዲት ጀማሪ ልጅ መጣች፣ ምንም ስላልነገርናት ይሆናል፣ ሚሞሪውን ትታ ሎጉን መቁጠር ጀመረች። በየሰዓቱ ስንት ግብይት ተሳካ፣ ስንት እምቢ ተባለ። ከዚያ የሚሞሪውን ከፍታ ጎኑ ሳለችው። የተሳካው ቢበዛ ሚሞሪው አይጨምርም። እምቢ የተባለው ሲበዛ ግን አብሮ ይወጣል፣ ደረጃ በደረጃ። ወር መጨረሻ ላይ ደሞዝ ስለገባ አልነበረም። ገና ስላልገባ ነው። ሰው ሁሉ ገባ አልገባ እያለ ካርዱን ያስገባል፣ ቀሪ ሂሳብ የለም ይባላል፣ ከሰዓት ተመልሶ ይሞክራል።

«ቀሪ ሂሳብ የለም» የሚለውን ኮድ ከፈትነው። ታክሲዶ ውስጥ አንድ አገልግሎት መልሱን የሚሰጠው «ቲፒሪተርን» በሚል ትእዛዝ ነው። ደንበኛው የላከውን ቡፈር ታክሲዶ ራሱ ይመልሳል፣ አገልግሎቱ ለራሱ ጉዳይ የተዋሰውን ግን ራሱ መመለስ አለበት። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ቲፒሪተርን ከተባለ በኋላ ከስሩ ያለ መስመር አይሰራም፣ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። የጻፈው ሰው ቲፒፍሪን አልረሳም። ጽፏታል። ከቲፒሪተርን በታች ነው የጻፋት።

አንድ መስመር ወደ ላይ አወጣናት። የሐሙስ ሌሊቱ ሪስታርት ግን እስከወጣሁበት ቀን ድረስ ነበር። እናጥፋው ብል ማንም እሺ አላለኝም።